ግማሽ ሲኒ የምታህል ጨጓራ

በዚህ እትም የምናነሣው ጉዳይ ከውጭ አገር የሚመለሱ ልጆቻችን ወደ ጅማ፣ ወደ አጋሮ፣ ወደ ሊሙ ገነትና ወደ ጌራ ይዘውት የሚመጡት ጉዳይ ነው። ልጅቷ በአሜሪካ ወይም በዐረብ አገር ሳለች ክብደቷ ከመጠን በላይ ጨመረ። ስኳርና ደም ግፊት ተደራረበባት። ሐኪሞች መከሯት፤ ጋስትሪክ ባይፓስ የሚባለውን የጨጓራ ቀዶ ሕክምና አደረገች። አሁን ለወንድሟ ሠርግ አገሯ ገብታለች። እናት ቡና ይቆላሉ፣ ጎረቤት ጨጨብሳ በማር ይዞ ይመጣል፣ አክስት "አፈር ስሆን፣ ይህቺን ብቻ" ብለው እንደ ቡጢ የጠቀለሉትን ጉርሻ ይዘረጋሉ። እርሷ ግን በሦስተኛው ጉርሻ ጠግባለች፤ አራተኛውን ከዋጠች ጓሮ ሄዳ ማስመለሷ አይቀርም።

በዚህ ጊዜ በቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ሐሜት ይጀመራል። አንዱ "ፈረንጅ አገር ሄዳ ምግባችንን ናቀች" የሚል ነው። ሌላው "ልጅቷ ታማለች፣ ደብቃን ነው" የሚል ነው። ከዚያም "ይህን ያህል ገንዘብ አውጥታ አሁንም ወፍራም ናት" የሚል ሦስተኛ ይጨመራል። ሦስቱም የሚመጡት ቀዶ ሕክምናው ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ካለማወቅ ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ ሁለት ነገር እንነጋገራለን፦ ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ ምን ይበላል? ምን ያህል ኪሎስ ይቀንሳል ተብሎ ይጠበቃል? ርእሱ ለታማሚዋ ብቻ ሳይሆን ለባሏ፣ ለእናቷና ለሚያጎርሷት ሁሉ ነው። ይህንኑ ሕክምና ያደረጉ ወንድሞችም "እርሷ" የተባለውን "እርሱ" ብለው ያንብቡት።

"ተመችቶሻል" እና "ምነው ከሳሽ?"

በአገራችን ውፍረት ለረጅም ዘመን የጥጋብና የሰላም ምልክት ነበር። "ወፈርሽ፣ ተመችቶሻል" ማለት ምርቃት ነው። መክሳት ደግሞ ያስፈራል። በተለይ እ.ኤ.አ. በ2005 የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በነጻ መሰጠት ከመጀመሩ በፊት በነበሩት ዓመታት የከሳ ሰው ሁሉ ይጠረጠር ነበር። ያ ጥርጣሬ ዛሬም ከአንደበታችን አልወጣም።

ነገር ግን ዘመኑ እየተለወጠ ነው። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ውስጥ ከልክ ያለፈ ክብደት የነበራቸው 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ቁጥሩ 8 በመቶ ደርሷል። በዚያው ዓመት 22 በመቶ የሚሆኑት ሴቶች ከሚገባው በታች ቀጫጭን ነበሩ። ማለትም በአንድ አገር፣ አንዳንዴም በአንድ ቀበሌ፣ አንዷ በማጣት ስትከሳ ሌላዋ በውፍረት ምክንያት በሚመጣ በሽታ ትታመማለች። ስለዚህ ወፍራሙን "ሆዳም" ብሎ መስደብም፣ የቀጠነውን መጠርጠርም ሁለቱም አይጠቅሙም።

ቀዶ ሕክምናው ምንድን ነው?

ይህን ቀዶ ሕክምና የጀመሩት በአሜሪካ የአይዋ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም የነበሩት ዶክተር ኤድዋርድ ሜሰን ናቸው፤ ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1966 ነበር። በቁስለት ምክንያት የጨጓራቸው ክፍል የወጣላቸው ሴቶች ክብደታቸው እንደሚቀንስ አስተውለው ነበር። ዛሬ ቀዶ ሕክምናው በአብዛኛው የሚደረገው በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ እየታየ ነው።

አሠራሩን በቀላል ቋንቋ እንግለጠው። ሐኪሙ የጨጓራን የላይኛውን ጫፍ ለይቶ ትንሽ ከረጢት ያበጃል። ከረጢቷ የምትይዘው 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ በእኛ መለኪያ ግማሽ የቡና ሲኒ ማለት ነው። ቀጥሎ ትንሹን አንጀት ቆርጦ የታችኛውን ክፍል ወደ ላይ አምጥቶ ከከረጢቷ ጋር ያገናኘዋል። ስለዚህ ምግብ አብዛኛውን ጨጓራና የትንሹን አንጀት መጀመሪያ ሳይነካ አልፎ ይሄዳል። የተለየው ትልቁ ጨጓራ አይወጣም፤ እዚያው ሆኖ ጭማቂውን ከታች ይለቃል።

ውጤቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሰው በጥቂት ምግብ ይጠግባል። ሁለተኛ፣ ከአንጀት የሚመነጩ የረሃብና የጥጋብ መልእክተኛ ሆርሞኖች ይለወጣሉ። በዚህም ምክንያት የብዙ ታማሚዎች ስኳር ኪሎው ገና ሳይቀንስ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሻሻላል። የስኳር መድኃኒት የምትወስድ ታማሚ መጠኑ ካልተስተካከለላት ስኳሯ ከልክ በላይ ሊወርድ ስለሚችል ከሐኪሟ ጋር በቅርብ መነጋገር አለባት።

ለመሆኑ ለማን ነው የሚደረገው? መለኪያው የሰውነት ክብደት በኪሎ ሲሆን ለቁመት በሜትር ሁለት ጊዜ ይካፈላል። እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ በወጣው መመሪያ ውጤቱ 40 የደረሰ፣ ወይም 35 ሆኖ ከውፍረት ጋር የተያያዘ ሕመም ያለበት ሰው ለቀዶ ሕክምናው ይታሰብ ነበር። በ2022 ዓለም አቀፍ ማኅበራቱ ይህን አሻሽለው 35 የደረሰ ሰው ሕመም ባይኖርበትም ሊታሰብ ይችላል አሉ። እንግዲህ ይህ ለሠርግ ልብስ ተብሎ የሚደረግ የማማር ሥራ ሳይሆን ለበሽታ የሚደረግ ሕክምና ነው።

ስንት ኪሎ ይቀንሳል?

ብዙ ልብ የሚሰበረው እዚህ ላይ ስለሆነ በቁጥር እንነጋገር። ስዊድናውያን እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ 2,010 ሰዎችንና ያላደረጉ 2,037 ሰዎችን ለብዙ ዓመታት ተከታተሉ። በ2007 የወጣው ውጤት እንዲህ ይላል፦ ጋስትሪክ ባይፓስ ያደረጉት ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ በአማካይ ከመነሻ ክብደታቸው 32 በመቶ ቀነሱ። ከ10 ዓመት በኋላ ግን ቅነሳው 25 በመቶ ነበር። ማለትም ጥቂቱ ተመልሷል፣ አብዛኛው ግን ቀርቷል። ቀዶ ሕክምና ያላደረጉት ክብደታቸው ከነበረበት እምብዛም አልተንቀሳቀሰም። ከሁሉም በላይ ደግሞ በቀዶ ሕክምናው ወገን የሞት አደጋ በ29 በመቶ ገደማ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል።

ይህን ወደ አንዲት እህት እናምጣው። ቁመቷ 1 ሜትር ከ65፣ ክብደቷ 120 ኪሎ ነው እንበል። መለኪያዋ 44 ይሆናል። ሁሉም በመልካም ሄዶ 30 በመቶ ብትቀንስ 36 ኪሎ ማለት ነው፤ 84 ኪሎ ላይ ትቆማለች። መለኪያዋ ወደ 31 ይወርዳል። በሐኪም ሠንጠረዥ ይህ አሁንም ውፍረት ይባላል! ነገር ግን ደረጃ መውጣት ያቃታት እህት ትወጣለች፣ ጉልበቷ ያርፋል፣ እንቅልፏ ይስተካከላል፣ ስኳሯ ይወርዳል፣ ምናልባትም የደም ግፊት ኪኒኗ ይቀንሳል። ታዲያ "ገንዘቧን አቃጠለች" የምንላት በምን ሒሳብ ነው? ስኬቷን መለካት ያለብን ከ120 ኪሎ ተነሥተን እንጂ ከሙሽራዋ ወገብ አይደለም።

የአካሄዱም ፍጥነት አንድ ዓይነት አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ክብደት በፍጥነት ይወርዳል፤ ከዚያ እየዘገየ ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ይቆማል። በመካከሉ፣ ብዙ ጊዜ ገና በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት፣ ሚዛኑ ለቀናት አልንቀሳቀስም የሚልበት ጊዜ አለ። ይህ የተለመደ ነው። በየማለዳው ሚዛን ላይ መውጣት ጭንቀት ብቻ ይጨምራል፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል። ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ደግሞ ፀጉር ይረግፋል። አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል፤ በቂ ፕሮቲንና ብረት ማግኘት ይረዳል። ቆዳም ይላላል፤ እርሱን እንቅስቃሴ ብቻውን አይመልሰውም። እነዚህን ሁሉ አስቀድሞ ማወቅ ከብዙ ለቅሶ ያድናል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ዝርዝሩን ቀዶ ሕክምናውን ያደረገው ቡድን ይሰጣል፤ ከዚህ ገጽ ይልቅ እርሱን መታዘዝ ይገባል። የተለመደው ቅደም ተከተል ግን ይህን ይመስላል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውኃና የተጠለለ ሾርባ ብቻ ይወሰዳል። እስከ ሁለተኛው ሳምንት ወፈር ያለ ፈሳሽ ይጨመራል፦ ስብ የሌለው ወተት፣ ስኳር የሌለበት እርጎ፣ የተወቀጠ የምስር ሾርባ። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት የተፈጨና የላመ ምግብ ይገባል። በአምስተኛውና በስድስተኛው ለስላሳ ምግብ፣ እንደ እንቁላልና ዓሣ ያለ ይበላል። ከሁለት ወር ገደማ ጀምሮ መደበኛው ምግብ በትንሽ በትንሹ ይሞከራል።

ደንቦቹ ጥቂት ናቸው። በመጀመሪያ ፕሮቲን፣ ቀጥሎ አትክልት፣ በመጨረሻ እንጀራና ዳቦ። ጉርሻ ሁሉ በደንብ ይታኘክ፤ አንድ ማዕድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፍጅ። ከምግብ ጋር አይጠጣ፤ ከበሉ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይጠበቅ። በቀን ከአንድ ሊትር ተኩል ያላነሰ ፈሳሽ በየመካከሉ በፉት በፉት ይጠጣ፤ ግማሽ ሲኒ በምትይዝ ከረጢት ውስጥ አንድ ብርጭቆ በአንድ ትንፋሽ አይገባምና። የጥጋብ ስሜት እንደመጣ ይቁም፤ "አንድ ጉርሻ ቀረ" የሚባል ነገር የለም። ለስላሳ መጠጥ በጋዙም በስኳሩም ይቅር።

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ይህን ሁሉ ሰዓት ሳይንቀሳቀስ መቀመጥ የለበትም፤ በእግር ሥር ደም ሊረጋ ይችላል። በየመንገዱ ወርዶ ጥቂት መራመድና ውኃ መጠጣት ያስፈልጋል።

የጅማ ማዕድ

አንዳንዶች ይህ ሕክምና የፈረንጅ ምግብ የሚፈልግ ይመስላቸዋል። እንዲያውም ከእኛ ጓዳ ብዙ የሚስማማ አለ። ለአዋቂ የሚመከረው ፕሮቲን በቀን ቢያንስ 60 ግራም ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል አለው። 100 ግራም የበሰለ ዓሣ ከ20 ግራም በላይ ይሰጣል፤ የጊልጌል ጊቤ ግድብ ዓሣ ደግሞ ለጅማ ሰው ሩቅ አይደለም። ግማሽ ትልቅ ኩባያ የበሰለ ምስር 9 ግራም፣ አንድ ኩባያ ወተት ወይም እርጎ 8 ግራም ገደማ አለው። በቀን ሁለት እንቁላል፣ አንድ ቁራጭ ዓሣ፣ ጥቂት ምስርና አንድ ኩባያ እርጎ በየሰዓቱ ተከፋፍሎ ከተበላ ከ50 ግራም አይጎድልም፤ አይብ ሲጨመርበት ልኩ ይሞላል። ቀጠን ብሎ ዘይት ያልበዛበት ሽሮም፣ በደንብ የበሰለ የዶሮ ሥጋም ይስማማል። ሥጋ በደንብ ተፈጭቶ ያለ ቅቤ በስሎ ይቅረብ፤ ቁርጥና ጅማት ያለው ጥብስ ግን በጠባቡ መተላለፊያ ላይ ተቀርቅሮ ያስጨንቃል።

እንጀራስ? እንጀራ ለዘላለም አልተከለከለም። ነገር ግን እንጀራም ዳቦም በትንሿ ከረጢት ውስጥ አብጦና ተጣብቆ ሊይዝ ይችላል። ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በኋላ፣ ወጡ ከተበላ በኋላ፣ መዳፍ በማታህል ቁራጭ ይጀመር። አልስማማ ካለ ለጥቂት ሳምንት ትቶ እንደገና መሞከር ነው።

ጥንቃቄ የሚሹት እንግዳ የምናከብርባቸው ምግቦች ናቸው፦ ጨጨብሳ በቅቤና በማር፣ ጭኮ፣ መሐሉ ቅቤ የሞላ ገንፎ። ማር የተፈጥሮ ነው ብለን አንታለል፤ ለዚህ አንጀት ስኳር ነው። ስኳርና ብዙ ቅባት በፍጥነት ወደ አንጀት ሲወርድ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ላብ ያጠምቃል፣ ልብ ይመታል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ያጥወለውላል፣ ተቅማጥ ያስከትላል። አንዳንዴም ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ቆይቶ የደም ስኳር ይወርድና ያንቀጠቅጣል። ሐኪሞች ዳምፒንግ ይሉታል። ቤተሰቡ ደግሞ "ቡዳ በላት" ሊል ይችላል። ቡዳም መንፈስም አይደለም፤ ማሩ ነው።

አቦካዶ የጅማ በረከት ነው፤ በራሱም መልካም ምግብ ነው። ነገር ግን በጁስ ቤት ከስኳርና ከሽሮፕ ጋር ተፈጭቶ በትልቅ ብርጭቆ ሲቀርብ ሌላ ነገር ይሆናል። ፈሳሽ ስለሆነ ከረጢቷን ቶሎ አልፎ ይሄዳል፣ አያጠግብም፣ ኪሎ ግን ይመልሳል። ከዓመታት በኋላ ክብደታቸው ከተመለሰባቸው ሰዎች አንዳንዶቹን የጎዳው እንዲህ ያለው ቀኑን ሙሉ የሚጠጣና የሚቃም ጣፋጭ ነው። ሁለት ማንኪያ አቦካዶ ከእንቁላል ጋር ግን ግሩም ቁርስ ነው።

ቡናውስ?

ቡና በሚበቅልበት አገር ቡና አትጠጪ ማለት ከሰው አትቀመጪ እንደማለት ነው። ስለዚህ በጥንቃቄ እንናገር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከረጢቷ ቁስል ስለሆነች ቡና ይቆያል፤ መቼ እንደሚጀመር ሐኪሙ ይናገራል። ከዚያ በኋላ ጥቂት ቡና ይቻላል፣ ያለ ስኳር። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ነው። በአንድ ሲኒ ሁለት ማንኪያ ብናደርግ፣ ከአቦል እስከ በረካ ሦስት ሲኒ 24 ግራም ይሆናል፤ ጠዋትና ከሰዓት ሲጠጣ 48 ግራም። ይህ ለጤነኛም ብዙ ነው። በጨው የሚጠጡ አባቶች በዚህ በኩል ይሻላሉ፤ የደም ግፊት ላለበት ግን ጨውም አይመከርም።

ሌላው ቡና ብረት ከምግብ እንዳይመጠጥ ይከለክላል፤ ሻይም እንዲሁ። ይህ ቀዶ ሕክምና ደግሞ ብረት በዋናነት የሚመጠጥበትን የአንጀት ክፍል አስቀርቶታል። ስለዚህ ቡናው ከምግብና ከብረት ኪኒን ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይራቅ። ረከቦቱ ፊት መቀመጥ፣ ጭሱን ማሽተት፣ መጨዋወት ግን ምንም ክልከላ የለበትም። ሦስት ሲኒ ያልጠጣ ሰው ቡናውን አልናቀም፤ አንድ ሲኒ ይዞ እስከ መጨረሻው አብሮ መቀመጥም አክብሮት ነው።

ዕድሜ ልክ የሚወሰደው

ብዙዎች የሚዘነጉት ይህ ነው። ቪታሚኖቹ ለጥቂት ወራት ሳይሆን ለዕድሜ ልክ ናቸው። ባለ ብዙ ዓይነት ቪታሚን፣ ብረት፣ ቢ12፣ ካልሲየምና ቪታሚን ዲ በየቀኑ ይወሰዳሉ። ቢ12 በወር አንድ ጊዜ በመርፌም ሊሰጥ ይችላል። የወር አበባ የምታይ ሴት በቀን ከ45 እስከ 60 ሚሊ ግራም ብረት ያስፈልጋታል። ካልሲየም በቀን ከ1,200 እስከ 1,500 ሚሊ ግራም ተከፋፍሎ ይወሰዳል፤ ያለ ጨጓራ አሲድም ስለሚመጠጥ ሲትሬት የተባለው ዓይነት ይመረጣል። ብረትና ካልሲየም አብረው አይወሰዱም፤ በመካከላቸው ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይኑር። ለጉብኝት የምትመጣ እህት ለቆይታዋ የሚበቃትን ይዛ ትምጣ። ለመኖር የመጣች ደግሞ የቀዶ ሕክምናዋን ማስረጃ ይዛ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወይም ወደሚቀርባት ሆስፒታል ሄዳ ካርድ ታውጣ። በመጀመሪያው ዓመት በየጥቂት ወሩ፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የደም ምርመራ ያስፈልጋታል።

አንድ ማስጠንቀቂያ በተለይ ልብ በሉ። ራስ ወይም ወገብ ሲያመን ሮጠን የምንገዛቸው ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለዚህች ከረጢት ጠላት ናቸው፤ የሚደማ ቁስለት ያመጣሉ። ለሕመም ፓራሲታሞል ይሻላል። መርፌ ከመወጋትም በፊት "ጋስትሪክ ባይፓስ አድርጌአለሁ" ብሎ መናገር ይገባል። ሲጋራም ቁስለት ያመጣል፤ አልኮል ደግሞ ከድሮው ይልቅ በፍጥነት ወደ ደም ይገባል።

ለባልና ለሚስት

በዚህ ጉዳይ ትዳር ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የስዊድን ጥናት ከክብደት ቅነሳ ቀዶ ሕክምና በኋላ ያላገቡት ጓደኛ የማግኘት ዕድላቸው እንደሚጨምር፣ በትዳር ወይም በአብሮ መኖር የነበሩት ደግሞ የመለያየት ዕድላቸው ካላደረጉት ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ይህ ቀዶ ሕክምናው ትዳር ያፈርሳል ማለት አይደለም። ነገር ግን አንድ ሰው በአንድ ዓመት 36 ኪሎ ሲቀንስ የቤቱ ሥርዓት ሁሉ ይነካል። አብረው የሚበሉት፣ የሚወጡበት፣ ሰው ስለ ሚስቱ የሚለው ነገር ይለወጣል። ባል ይፈራል፦ "አሁን ሌላ ያይብኛል?" ሚስት ትፈራለች፦ "ቆዳዬ ተንጠልጥሏል፣ ይጸየፈኝ ይሆን?" ሁለቱም ዝም ካሉ በመካከላቸው ጥርጣሬ ይነግሣል። ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በፊትም በኋላም ይህን በግልጥ ተነጋገሩ።

ባሎች ሆይ፣ ማድረግ የምትችሉት ብዙ ነው። በአንድ ትሪ ስንበላ ማን ስንት እንደበላ አይታወቅም፤ ስለዚህ ለእርሷ ትንሽ ሳህን ትቅረብላት፤ ሳህኗንም ከትሪው አጠገብ አድርጉላት እንጂ ለብቻዋ ጥግ አታስቀምጧት። ጉርሻ ፍቅር ነው፤ ለዚህች ሚስት ግን ፍቅሩ በጥፍር የምታህል ጉርሻ ይገለጣል። እንግዳ ቤት ስትሄዱ ቀድማችሁ "ሐኪም በልክ ብሏታል፣ አታስጨንቋት" በሉ። ከእርሷ አፍ ሲወጣ እንቢታ የሚመስለው ቃል ከባል ሲመጣ ጥበቃ ይሆናል።

ስለ ልጅም እንነጋገር። ክብደት ሲቀንስ ለዓመታት ልጅ ያጡ ሴቶች ሳይታሰብ ሊያረግዙ ይችላሉ። ሐኪሞች ግን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከ12 እስከ 18 ወር እርግዝና እንዲቆይ ይመክራሉ፤ ሰውነት ራሱ እየጎደለበት ሳለ ለጽንስ የሚበቃ ምግብ ማግኘት ያስቸግራልና። የሚዋጥ የወሊድ መከላከያ ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ በደንብ ላይመጠጥ ስለሚችል በክንድ የሚቀበረውን፣ ሉፕን ወይም መርፌን በተመለከተ ባለሙያ አማክሩ። ስታረግዝም ለስኳር ምርመራ የሚሰጠው ጣፋጭ መጠጥ ሊጥላት ስለሚችል ለሐኪሟ አስቀድማ ትንገር፤ በሌላ መንገድ መመርመር ይቻላል።

ጾም ጸሎትና ኅብረት

በቤተ ክርስቲያን የጾም ጸሎት ሲታወጅ ይህቺ እህት ትጨነቃለች። ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይቀር መተው ግን ለእርሷ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት አደገኛ ነው። ውኃ በአንድ ጊዜ መጠጣት ስለማትችል የቀኑን በማታ አትተካውም። ከጸሎቱ አትቅር፤ ከምግብ ይልቅ ሌላ ነገር ትተው። መሪዎችም ይህን ከመድረክ ብትናገሩላት ከብዙ ሐፍረት ታድኗታላችሁ። "ለምን ጸልየሽ አልቀነስሽም?" የሚሉም አሉ። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ያስወጣውን ወንድም ግን ይህን አንጠይቀውም። ሐኪምም መድኃኒትም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው ብለን የምናምን ከሆነ ለአንዱ በሽታ ፈቅደን ለሌላው መከልከል አይገባም።

ደግሞም ምስጢሯን የመናገርና ያለመናገር መብት የእርሷ ነው። ስለ ሕመሟ በጸሎት ርእስ ስም በየቤቱ ማዞር ጸሎት ሳይሆን ሐሜት ነው።

ሳይዘገይ ወደ ሐኪም

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ብርቱ የሆድ ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የአንድ ባት ማበጥና መታመም ከታየ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይኬድ። ከወራት፣ እንዲያውም ከዓመታት በኋላም ቢሆን ድንገተኛ ብርቱ ቁርጠት ከማስመለስ ጋር ከመጣ አንጀት ተቆልፎ ሊሆን ስለሚችል "ጋዝ ነው" ተብሎ በዳማከሴ አይታለፍ። ጥቁር ሰገራ የመድማት ምልክት ሊሆን ይችላል። ማስመለስ ከአንድ ቀን በላይ ከቀጠለ፣ በተለይም እግር መደንዘዝ፣ የዓይን መደናገር ወይም ሚዛን ማጣት ከተከተለ፣ ቢ1 የተባለው ቪታሚን አልቆ አንጎልን እየጎዳ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ግሉኮስ ከመሰጠቱ በፊት ስለ ቀዶ ሕክምናው ተናግሮ ቢ1 መጠየቅ ሕይወት ያድናል፤ ይህን ባልም እናትም ይወቁት።

ወገኖቼ፣ የሠርጉ ወር ሲመጣ ከእነዚህ ልጆች አንዷ በቤታችሁ ማዕድ ትቀመጥ ይሆናል። ትንሽ ሳህን አቅርቡላት፤ እንቁላል ወይም ዓሣ ሥሩላት፤ ቡናዋን ያለ ስኳር ቅዱላት። "በቃኝ" ስትል አንዴ ብቻ ጠይቃችሁ እመኗት። ስለ ኪሎዋ ሳይሆን ስለ ኑሮዋ ጠይቋት። ጠግባ በሰላም ከተነሣች እንግዳችሁን በሚገባ አስተናግዳችኋል።